የቀረጸና የተቀረጸ፦ የብራዚል ሲኒማ ማኅበራዊ ዕዳ

ሲኒማን ከሌሎች ጥበባት የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። ባለቅኔ ስለ ድኻ ሲቀኝ ድኻው በአጠገቡ መቆም የለበትም፤ ሠዓሊም የገበሬን ፊት ከልቡ አውጥቶ በሸራ ላይ ሊያሰፍር ይችላል፤ ፊልም ሠሪ ግን በካሜራው ፊት የሚቆም፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ቀረጻው ሲያበቃም ወደ ቤቱ ተመልሶ ኑሮውን የሚቀጥል እውነተኛ ሰው ካላገኘ ምስል አይኖረውም። ስለዚህ ስለ ተራው ሕዝብ የሚሠራ ፊልም ሁሉ ከዚያው ሕዝብ አንድ ነገር ይበደራል፤ መልኩን፣ ድምፁን፣ ጎጆውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሐዘኑን። ብድሩ እንዴት ተወሰደ፣ ማንን ጠቀመ፣ በምንስ ተከፈለ የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች የፊልም ታሪክ ውስጥ በዳር የሚታለፍ ሲሆን በብራዚል ግን የታሪኩ እምብርት ሆኖ ይገኛል። ይህ ዲስኩር የብራዚልን ሲኒማ ከልደቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ ጥያቄ መሪነት ይከተላል፤ የአንድ ሲኒማ ማኅበራዊ አሳቢነት የሚመዘነው ድህነትን ርእስ በማድረጉ ብቻ እንዳልሆነና ካሜራው ወደ ተቀረጸው ሰው ተመልሶ መሄዱም ትልቁ መለኪያ እንደሆነ ለማሳየት ይጥራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ፣ ኦቪዶር በተባለው ጎዳና፣ ጁላይ 8 ቀን 1896 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 19 ቀን 1898፣ ጣሊያናዊው ስደተኛ አፎንሶ ሴግሬቶ ከአውሮፓ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሆኖ የጓናባራን ባሕረ ሰላጤ እንደቀረጸ ይነገራል፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ ባይገኝም ዕለቱ የብራዚል ሲኒማ ቀን ሆኖ ይከበራል። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ባርነትን በሕግ ከሻረች ገና 10 ዓመቷ ነበር። ከአራት ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን ተግዘው የገቡባት ብራዚል በአሜሪካ አህጉር ባርነትን ከሁሉም ዘግይታ፣ በ1888፣ ያስወገደች አገር ስትሆን፣ ነጻ የወጡት ሰዎች መሬትም ሆነ ካሳ አላገኙም፤ ብዙዎቹም ወደ ከተማ ፈልሰው በኮረብታዎች ገደል ላይ ከእንጨትና ከቆርቆሮ መጠለያ ቀለሱ። ፋቬላ የሚባለው፣ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፕላን በነዋሪው እጅ የተሠራ የድሆች መንደር በአገሪቱ ፊልም ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ወደዚያ ኮረብታ ለመውጣት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ባዶ አልነበሩም። በሚናስ ዤራይስ ግዛት በምትገኘው ካታጓዜስ የተባለች ትንሽ ከተማ ሥራውን የጀመረው ኡምቤርቶ ማውሮ የገጠሩን ብርሃንና ዝግታ በፊልም አስፍሯል፤ በሪዮ በ1941 የተቋቋመው አትላንቲዳ ስቱዲዮም ሻንሻዳ የተባለውን፣ ዘፈንን፣ ካርኒቫልንና ሳቅን የቀላቀለ የፊልም ዓይነት አስፋፍቶ የከተማውን ሠራተኛ ሕዝብ ወደ ሲኒማ ቤት ሲስብ ኖሯል። የሻንሻዳ ታላቅ ኮከብ የነበረው ጥቁሩ ተዋናይ ግራንዴ ኦቴሎ በሚሊዮኖች ልብ ውስጥ ቢገባም፣ ከጥቂት ፊልሞች በቀር የሚሰጠው ቦታ ከነጩ ጓደኛው ጎን ቆሞ ማሳቅ ነበር። በሳን ፓውሎ በኩል ባለሀብቶች በ1949 ቬራ ክሩዝ የተባለውን ስቱዲዮ በሆሊውድ አምሳል አቋቋሙ፤ የሊማ ባሬቶ «ካንጋሴይሮ»፣ ማለትም «ሽፍታው»፣ በ1953 በካን ፌስቲቫል ተሸልሞ በዓለም ዙሪያ ቢታይም፣ ገቢው በአመዛኙ የገባው አከፋፋይ ወደሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ኪስ ስለነበር ስቱዲዮው በዓመቱ በዕዳ ወደቀ። ከዚህ ውድቀት ወጣቶቹ የፊልም ሰዎች ሁለት ትምህርት ወሰዱ፤ ትልልቅ ስቱዲዮዎችን መቅዳት የድኻ አገር መንገድ እንዳልሆነ አንደኛው ሲሆን፣ የማከፋፈሉን ሥራ ያልያዘ ሰው የፊልሙ ባለቤት ነኝ ማለት እንደማይችል ሁለተኛው ነው።

ወደ ኮረብታው ከወጡት ቀዳሚ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ የኔልሰን ፔሬይራ ዶስ ሳንቶስ «ሪዮ፣ 40 ዲግሪ» ነው። በ1955 የተጠናቀቀው ይህ ፊልም ከፋቬላ ወርደው በሪዮ ታዋቂ ስፍራዎች ኦቾሎኒ የሚሸጡ አምስት ልጆችን በአንድ የእሑድ ቀን ይከተላል፤ ኮፓካባና፣ የስኳር ዳቦ የሚባለው ተራራና የማራካና ስታዲየም፣ ቱሪስት በፖስታ ካርድ የሚያውቃቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ኦቾሎኒው ካልተሸጠ እራት በሌለው ልጅ ዓይን ይታያሉ። ፊልሙ የተሠራው ባለሙያዎቹ በአክሲዮን ተደራጅተው፣ ደመወዛቸውን ከሚመጣው ገቢ ለመካፈል ተስማምተው ነው። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ግን ፊልሙ የአገሪቱን ገጽታ ያበላሻል ብሎ አገደው፤ የሪዮ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም የሚል ክርክርም አቀረበ። ጋዜጠኞችና ደራስያን ባካሄዱት ዘመቻ እገዳው ተነሣ። አራት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ማርሴል ካሙ በሪዮ ኮረብታ ላይ የሠራው «ጥቁሩ ኦርፌዎስ» ፋቬላን የዘፈንና የጭፈራ መንደር አድርጎ አሳይቶ በካን ከፍተኛውን ሽልማት ወሰደ። ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ወዲያው ይገለጣል፤ የካሙ ፊልም ከኮረብታው ሰው ውበቱን ብቻ ሲበደር፣ የዶስ ሳንቶስ ግን ውበቱንም ችግሩንም አብሮ ተበድሯል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው ሲኒማ ኖቮ፣ ትርጉሙም «አዲስ ሲኒማ»፣ ከዚህ መንገድ የቀጠለ እንቅስቃሴ ነው። የእንቅስቃሴው ወጣቶች መፈክር ካሜራን በእጅ፣ ሐሳብን በጭንቅላት መያዝ የሚል ነበር፤ ይኸውም ስቱዲዮ፣ መብራትና ብዙ ገንዘብ ሳይጠበቅ፣ ባለው መሣሪያ ወደ ሕዝቡ መውጣት ማለት ነው። ዋና መድረሻቸውም ሰርታዎ ሆነ። ሰርታዎ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ደረቅ ገጠር ሲሆን፣ ድርቅ የሚመላለስበት፣ መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ የተያዘበት፣ ጭሰኛው በየጊዜው ከብቱንና ልጆቹን ይዞ የሚሰደድበት አገር ነው።

ኔልሰን ፔሬይራ ዶስ ሳንቶስ የግራሲሊያኖ ራሞስን «ደረቅ ሕይወት» የተባለ የ1938 ልብ ወለድ ለመቅረጽ በ1960 ወደዚያ አገር ሲሄድ ያላሰበው ዝናብ ዘንቦ ምድሩ ለመለመ፤ በለመለመ መስክ ላይም ድርቅ መቅረጽ ስለማይቻል ሌላ ፊልም ሠርቶ ተመለሰ፤ «ደረቅ ሕይወት» የተጠናቀቀው በ1963 ነው። ይህ ፊልም በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ፊልሙ ሲከፈት ገና ሰው በግልጽ ሳይታይ የበሬ ጋሪ መንኮራኩር ሲጮህ ይሰማል፤ ያ ያልተቀባ እንጨት ከእንጨት ጋር የሚፋጭበት ድምፅ ሙዚቃውን ተክቶ ጆሮን ይበሳል። ከሩቅ አራት ሰዎችና አንዲት ውሻ በቀስታ ይመጣሉ፤ ፋቢያኖ፣ ሚስቱ ቪቶሪያ፣ ሁለት ልጆቻቸውና ባሌያ የተባለችው ውሻቸው። ንግግር እጅግ ጥቂት ነው፤ የራባቸው ሰዎች ቃል አያባክኑም። የፎቶግራፍ ጋዜጠኛ የነበረው ሉዊስ ካርሎስ ባሬቶ የካሜራውን መነጽር ያለ ማጣሪያ ስለተጠቀመበት ሰማዩ በፊልሙ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ነጭ ሆኖ የሚያቃጥል ብርሃን ብቻ ነው፤ ተመልካቹም እንደ ተጓዦቹ ዓይኑን መጨፈን ይመኛል። ፋቢያኖ በአንድ ባለርስት ዘንድ ከብት ጠባቂ ሆኖ ሲቀጠር ቪቶሪያ የድርሻቸውን ሒሳብ በቤቷ ታሰላለች፤ የጌታው መዝገብ ግን ወለድ ጨምሮ ሌላ ቁጥር ያወጣል፤ ማንበብ የማይችለው ፋቢያኖም ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ድርቁ ሲመለስ የታመመችውን ባሌያን ፋቢያኖ በጠመንጃ ይመታታል። በዚህ ጊዜ ካሜራው ወደ ውሻዋ ዓይን ወርዶ እርሷ የምታየውን ያያል፤ ስታድናቸው የኖረችው ትንንሽ የዱር እንስሳት በፊቷ ይሯሯጣሉ፤ ዓይኖቿም ቀስ በቀስ ይከደናሉ። ትዕይንቱ እውነት ስለመሰለ በ1964 በካን ፌስቲቫል ከተመለከቱት ሰዎች አንዳንዶቹ አዘጋጁ ውሻዋን ገድሏታል ብለው ስለከሰሱት፣ ባሌያ በአውሮፕላን ተጭና መጥታ በሕይወት መኖሯን አሳየች። በዚህ ነገር ውስጥ አሳዛኝ ትምህርት አለ፤ ለውሻዋ ደኅንነት የጠየቀ ተመልካች ሲገኝ፣ በዚያው ምድር ስለሚሰደዱት እውነተኛ ፋቢያኖዎች የጠየቀ ሰው እንደዚያ ድምፁ ጎልቶ አልተሰማም።

ይህንኑ ጉድለት በግልጽ የተናገረው ከባሂያ ግዛት የመጣው ግላውበር ሮሻ ነው። በ1965 በጣሊያን ጄኖቫ ባቀረበው «የረሃብ ሥነ ውበት» በተባለ ጽሑፍ፣ ባዕዱ ተመልካች የላቲን አሜሪካን ድህነት እንደ ልዩ ጣዕም እንደሚያጣጥመውና የአህጉሩ የራሱ ምሁርም ረሃቡን በውብ ቃል እንደሚሸፍነው አመለከተ፤ አዲሱ ሲኒማ ግን ረሃብን የፊልሙ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የፊልሙ አካል ማድረግ፣ ይኸውም ምስሉ ራሱ የተራበ፣ ሻካራና የማይመች እንዲሆን ማድረግ አለበት ብሎ ተከራከረ። «እግዚአብሔርና ሰይጣን በፀሐይ ምድር» በተባለው የ1964 ፊልሙ ማኑኤል የተባለ ከብት ጠባቂ በከብት ክፍያ ያጭበረበረውን ጌታውን ገድሎ ይሸሻል፤ በመጀመሪያ ነቢይ ነኝ ባይን፣ ቀጥሎ ሽፍታን ይከተላል፤ ሁለቱም ሲወድቁ ወደ ባሕር ሲሮጥ ፊልሙ ያበቃል። መሬቱ የእግዚአብሔርም የሰይጣንም ሳይሆን የሰው እንደሆነ የሚናገር መደምደሚያ ነው።

በዚያው ዘመን በካን የወርቅ ዘንባባውን ያገኘው ብቸኛው የብራዚል ፊልም፣ የአንሴልሞ ዱዋርቴ የ1962 «ስለት አድራሹ»፣ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ነገር ይዟል። ዜ የተባለ ገበሬ አህያው ከሕመሙ ቢድንለት ከባድ መስቀል ተሸክሞ ሳልቫዶር ከተማ ወደሚገኘው የቅድስት ባርባራ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ ይሳላል፤ ስለቱን የተሳለው ግን ካንዶምብሌ በሚባለው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ባሪያዎች በተወረሰው እምነት ስፍራ ነው፤ በዚያ እምነት ኢያንሳ የተባለችው መንፈስና ቅድስት ባርባራ አንድ ናቸውና። ካህኑ ይህን ሲሰማ በሩን ይዘጋበታል። ገበሬው ስለቱን ሳያደርስ አልመለስም ብሎ በደጁ ሲቆይ ጋዜጠኛው፣ ነጋዴውና ፖለቲከኛው እያንዳንዱ የየራሱን ጥቅም ሊያወጣበት ይሻማል፤ በመጨረሻም በጥይት ሲወድቅ ሕዝቡ ሬሳውን በመስቀሉ ላይ አጋድሞ በሩን ሰብሮ ያስገባዋል። ዘር፣ እምነትና መሬት በብራዚል እንዴት እንደተቆላለፉ ከዚህ ታሪክ በተሻለ ያሳየ ፊልም ማግኘት ያዳግታል።

የዚህ ሲኒማ ተጽዕኖ እስከ ኢትዮጵያውያን የፊልም ሰዎች ደርሷል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ተሾመ ገብርኤል በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ የላቲን አሜሪካን፣ የአፍሪካንና የእስያን የነጻነት ፊልሞች በአንድ ዓይን አጥንቶ «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚባለውን፣ ከሆሊውድ የንግድ ፊልምም ከአውሮፓ የግል ጥበብም የተለየ መንገድ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት መስክ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የላቲን አሜሪካ ፊልሞች ይታዩና ይተነተኑ በነበረበት ወቅት የተማረው ኃይሌ ገሪማም በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የኢትዮጵያን ጭሰኛና ባለርስት በጥቁርና ነጭ ምስል፣ ገበሬዎችን ራሳቸውን ተዋንያን አድርጎ ቀርጿል። የሰርታዎውን ፋቢያኖና የኃይሌን ጭሰኛ የሚያዛምዳቸው ሁለቱም በሌላ ሰው መሬት ላይ፣ በሌላ ሰው መዝገብ ሲተዳደሩ መኖራቸው ነው።

ሲኒማ ኖቮ ግን አንድ ቁስል ይዞ ኖሯል። ፊልሞቹ ስለ ሕዝብ ቢሆኑም ሕዝቡ አብዝቶ የሚያየው ሻንሻዳንና የሆሊውድን ሥራ ነበር፤ ሃያሲው ዣን-ክሎድ ቤርናርዴትም በ1967 ባወጣው መጽሐፍ እነዚህ ፊልሞች ከገበሬው ይልቅ የመካከለኛውን መደብ ጭንቀት እንደሚናገሩ አሳየ። ግላውበር ሮሻ ራሱ ይህን አልሸሸገም። በ1967 በወጣው «የምትባትት ምድር» ውስጥ ባለቅኔው ፓውሎ የአንድን የሠራተኛ ማኅበር መሪ አፍ በእጁ ይዘጋና ወደ ካሜራው ዞሮ ሕዝብ የተባለው ይህ እንደሆነ በምሬት ይናገራል። ለሕዝብ እናገራለሁ የሚል ምሁር በተግባር የሕዝብን አፍ ሲይዝ የሚታይበት ይህ ቅጽበት አንድ ትውልድ በራሱ ላይ ያቀረበው ምስክርነት ነው።

በዚህ መካከል አገሪቱ ተለውጣ ነበር። በ1964 የማርች ወር ተጠናቅቆ ኤፕሪል ሲብት ጦሩ ሥልጣን ያዘ፤ በዲሴምበር 13 ቀን 1968 የታወጀው ተቋማዊ ድንጋጌ ቁጥር 5 ምክር ቤቱን ዘግቶ፣ ሳንሱሩን አጥብቆ፣ ለእስራትና ለግርፋት በሩን ከፈተ። ይኸው መንግሥት በ1969 ኤምብራፊልሜ የተባለውን የመንግሥት የፊልም ድርጅት አቋቋመ፤ በአንድ እጁ ፊልም እየከለከለ በሌላው እጁ ለፊልም ገንዘብ መስጠቱ እንግዳ ቢመስልም፣ አዘጋጆቹ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ብዙ ሥራ አሳልፈዋል፤ የአገር ውስጥ ፊልምም በሲኒማ ቤቶች ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ሌኦን ኢርሽማን በ1981 የፋብሪካ ሠራተኞችን የሥራ ማቆም አድማ በአንድ ቤተሰብ አባትና ልጅ መካከል አድርጎ ያሳየውን ፊልም ያወጣው አምባገነኑ ሥርዓት ገና ሳይወድቅ ነበር።

የዚህ ዘመን ታላቁ ሥራ፣ ምናልባትም የብራዚል ሲኒማ የኅሊና ማዕከል፣ የኤድዋርዶ ኮቲኞ «ለሞት የታጨው ሰው» ነው። በፓራይባ ግዛት ሳፔ በተባለው ስፍራ የገበሬዎች ማኅበር መሪ የነበረው ዡዋዎ ፔድሮ ቴሼይራ በ1962 ባለርስቶች በቀጠሯቸው ነፍሰ ገዳዮች ተገደለ። ወጣቱ ኮቲኞ ታሪኩን በፊልም ሊሠራ በ1964 ፌብሩዋሪ ጋሊሌያ በሚባል የፔርናምቡኮ ገጠር ቀረጻ ጀመረ፤ የሟቹ ሚስት ኤሊዛቤት ቴሼይራ የራሷን ሕይወት ስትጫወት፣ ሌሎቹ ተዋንያን የዚያው ቦታ ገበሬዎች ነበሩ። ቀረጻው ጥቂት ሳምንታት እንደቀጠለ መፈንቅለ መንግሥቱ ሆነ፤ ወታደሮች መንደሩን ወርረው መሣሪያውን ወሰዱ፣ ገበሬዎችንም አሰሩ። ከፊልሙ የተረፈው አስቀድሞ ለማጠቢያ ወደ ሪዮ ላቦራቶሪ የተላከው ኔጋቲቭ ብቻ ነበር። ኤሊዛቤት ከእስር ከወጣች በኋላ ከአሥራ አንድ ልጆቿ አንዱን ብቻ ይዛ ወደ ሌላ ግዛት ሸሸች፤ ስሟንም ማርታ ብላ ለውጣ፣ ልብስ እያጠበችና ሕፃናትን ፊደል እያስቆጠረች ኖረች።

ኮቲኞ በ1981፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ የምሕረት አዋጁ ከወጣ ወዲህ፣ ወደ ጋሊሌያ ተመለሰ። በእጁ የያዘው አዲስ የፊልም ድርሰት አልነበረም፤ ያንኑ ኔጋቲቭ ነበር። ማታ ላይ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ማሳያውን ተከለና የ1964ቱን ምስል አሳያቸው። ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የወጣትነት ፊታቸውን በጨርቅ ላይ ሲያዩ እየሣቁ ይጣቀሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ስም ይጠራል፣ በመካከል የሞቱትም ይታሰባሉ። ከዚያ ኮቲኞ ኤሊዛቤትን ከተደበቀችበት አገኛት። በመጀመሪያው ቀን በካሜራው ፊት የምትናገረው በጥንቃቄ፣ ስለ ምሕረቱ መንግሥትን እያመሰገነች ነው፤ ቀናት ሲያልፉ ግን ድምፅዋ እየተከፈተ ይሄዳል፤ በስንብቱ ሰዓት፣ ባለሙያዎቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሊሄዱ ሲሉ፣ ረሃብና ዝቅተኛ ደመወዝ እስካለ ድረስ ትግሉ እንደሚቀጥል እጇን እያነሣች ትናገራለች። ማርታ ቀርታ ኤሊዛቤት የተመለሰችው በዚያች ቅጽበት ነው። በ1984 የተጠናቀቀው ፊልም ስምዋን፣ ያለፈ ታሪኳንና የተበተኑ ልጆችዋን ወሬ መልሶላታል፤ እዚህ ላይ ሲኒማ የተበደረውን በእርግጥ ከፍሏል ማለት ይቻላል።

ያልተከፈለውም ብድር በዚያው ዘመን ይገኛል። ኤክቶር ባቤንኮ በ1980ዎቹ መባቻ ባወጣው «ፒሾቴ» በተባለው ፊልም የማረሚያ ቤት ግፍና የጎዳና ሕይወት የሚፈራረቁበትን ልጅ የተጫወተው በሳን ፓውሎ ዳርቻ በድህነት ያደገው ፈርናንዶ ራሞስ ዳ ሲልቫ ነበር። ፊልሙ ዓለምን ዞሮ ብዙ ተመሰገነ፤ ልጁ በትወና ለመቀጠል ሞክሮ ሳይሳካለት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ በ1987 በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። አንድ ፊልም ስለ ጎዳና ልጆች የዓለምን ኅሊና ቀስቅሶ የራሱን ልጅ ከዚያው ዕጣ ማዳን አለመቻሉ የፊልሙን ጥበብ አያሳንስም፤ ጥበብ ብቻውን ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ግን ያስታውሳል።

በ1990 ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር ኤምብራፊልሜን ሲዘጉ የአገሪቱ የፊልም ሥራ ሊቆም ተቃርቦ ነበር፤ በዓመት የሚወጡት ረጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። በ1993 የወጣው የኦዲዮቪዥዋል ሕግ ኩባንያዎች ከግብራቸው ቀንሰው ፊልም እንዲደግፉ ሲፈቅድ ሥራው እንደገና አንሠራራ፤ ይህም ዘመን ሬቶማዳ፣ ማለትም «ዳግም መነሣት»፣ ተባለ። በ1998 የበርሊንን የወርቅ ድብ ያገኘው የዋልተር ሳሌስ «ማዕከላዊ ጣቢያ» በሪዮ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈች የምትተዳደር፣ ደብዳቤዎቹን ግን ወደ ፖስታ ቤት የማትወስድ ዶራ የተባለች ሴት ታሪክ ነው። ያልተማሩ ሰዎች በብራዚል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1985 እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የአደራን ቃል ተቀብሎ በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀር እጅ ከአንዲት ሴት በደል በላይ ነው፤ የአንድ አገር መንግሥትና ምሁር ከሕዝቡ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ይመስላል። ዶራ የምትድነው እናቱ ሞታበት አባቱን የሚፈልግን ልጅ ይዛ ወደ ሰርታዎ በመጓዝ ነው፤ በዚህም ፊልሙ ሲኒማ ኖቮ የሄደበትን መንገድ በርኅራኄ ይደግማል።

በ2002 የወጣውና በፈርናንዶ ሜይሬሌስና በካቲያ ሉንድ የተዘጋጀው «የእግዚአብሔር ከተማ» በዚያው ስም በሚጠራ የሪዮ ሰፈር ያደገው ፓውሎ ሊንስ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ከፋቬላ የተመረጡ ወጣቶች ለወራት የትወና ልምምድ አድርገው የሠሩት ይህ ፊልም አራት የኦስካር እጩነት አገኘ። የምስሉ ፍጥነትና ማማር ግን ክርክር አስነሣ፤ ሃያሲዋ ኢቫና ቤንቴስ የግላውበርን አባባል ገልብጣ በዘመኑ የረሃብ ሥነ ውበት ወደ ረሃብ ኩልና ቅባት እንደተለወጠ ጻፈች። ነቀፌታው ክብደት አለው፤ በሌላ በኩል ከዚያ የልምምድ ቡድን «ሲኒማችን» የሚል ትርጉም ያለው ሲኒማ ኖሶ የተባለ የወጣቶች የፊልም ትምህርት ቤት መውጣቱ መዘንጋት የለበትም። ፒሾቴን ከተጫወተው ልጅ ሞት ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ቀረጻው ሲያበቃ ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ የሥራው አካል ሆኗል።

ትልቁ ለውጥ ግን ካሜራው እጅ ሲለውጥ መጥቷል። ጥቁሩ ተዋናይ ዞዚሞ ቡልቡል በሌሎች ፊልም ውስጥ መታየት ስላልበቃው በ1973 ከሌላ ሥራ በተረፈ ጥሬ ፊልም «ነፍስ በዓይን ውስጥ» የተባለ አጭር ሥራ ሠራ፤ አንድ ቃል ሳይነገር በአንድ ነጭ ግድግዳ ፊት በራሱ አካል ብቻ ከአፍሪካ ነጻነት እስከ ባርነት ሰንሰለትና ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ተረከ። አዴሊያ ሳምፓዮ በ1984 ረጅም ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ብራዚላዊት ሆነች። በ1962 የተማሪዎች ማኅበር ያወጣው «አምስት ጊዜ ፋቬላ» በመካከለኛ መደብ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ካርሎስ ዲዬጌስ በ2010 ያንኑ ርእስ ይዞ ተመለሰ፤ በዚህኛው ግን አዘጋጆቹ የፋቬላ ልጆች ስለሆኑ «አሁን በራሳችን» የሚል ቃል በርእሱ ላይ ተጨመረ።

ከብራዚሊያ ዳርቻ ያለችው ሴይላንዲያም የራሷን ታሪክ አግኝታለች። የከተማዋ ስም ራሱ በ1971 ድሆችን ከዋና ከተማው ዙሪያ ካነሣው ዘመቻ ምህጻረ ቃል የተወሰደ ነው። በ1986 ፖሊስ በአንድ የጭፈራ ቤት ገብቶ ነጮቹ እንዲወጡ፣ ጥቁሮቹ እንዲቀሩ ካዘዘ በኋላ የቀሩትን ደበደበ፤ አዲርሌይ ኬይሮስ በ2014 «ነጩ ይውጣ፣ ጥቁሩ ይቅር» በተባለው ፊልሙ በዚያ ምሽት አካላቸው የጎደለባቸውን ሰዎች ራሳቸውን አስተወነ፤ እነርሱም ከወደፊቱ ዘመን በመጣ መርማሪ አማካይነት መንግሥትን የሚከስሱበትን ታሪክ አብረው ፈጠሩ። በአማዞን አካባቢና በማቶ ግሮሶ ደግሞ ቪንሰንት ካሬሊ በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረው «ቪዲዮ በመንደሮች» የተባለው ሥራ ለነባር ሕዝቦች ካሜራ አቀረበ። የናምቢክዋራ ሰዎች የልጃገረድ ወግ ሲያደርጉ ተቀርጸው ወዲያው ምስላቸውን ሲያዩ፣ የባዕድ ልብስ በወጉ ላይ መብዛቱን አልወደዱትም፤ ስለዚህ በዓሉን እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት አሳምረው ደገሙት፤ ለዓመታት የተተወውንም የአፍንጫና የከንፈር መብሳት አነሡት። ምስል ለተቀረጸው ሰው ሲመለስ መስተዋት ይሆናል፤ ሰውም በመስተዋት ፊት ምን መምሰል እንደሚሻ ራሱ ይወስናል።

የቅርቡ ጊዜ ፊልሞች ይህንኑ ጥያቄ ወደ ቤት ውስጥ አስገብተውታል። በአና ሙይላርት የ2015 «ስንት ሰዓት ትመለሳለች?» ቫል የተባለች የቤት ሠራተኛ የራሷን ልጅ በሰሜን ምሥራቅ ትታ በሳን ፓውሎ የባለጠጎችን ልጅ ታሳድጋለች፤ ልጅዋ ዤሲካ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መጥታ በእንግዳ ክፍል መተኛትና ከጌቶቹ ማዕድ መቀመጥ እንደማይከለከል ሰው ስትሆን፣ ሕግ ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ድንበር ይጋለጣል። ፊልሙ የወጣው የቤት ሠራተኞች ከሌሎች ሠራተኞች ጋር የተካከለ መብት እንዲኖራቸው ሕገ መንግሥቱ በ2013 ከተሻሻለ ብዙም ሳይቆይ ነው። በማታ ቫል ውኃው ከቁርጭምጭሚቷ በማያልፍ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቆማ፣ ለዓመታት ስታጸዳው የኖረችውን ውኃ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ እየነካች ለልጅዋ ስልክ ትደውላለች፤ ከዚህ ጸጥታ ጋር የሚስተካከል የእኩልነት ንግግር ማግኘት ይከብዳል።

ዋልተር ሳሌስ በ2024 ያወጣው «አሁንም እዚህ ነኝ» የቀድሞውን የምክር ቤት አባል ሩቤንስ ፓይቫን ወታደሮች ጃንዋሪ 20 ቀን 1971 ከቤቱ ወስደው ካጠፉት በኋላ ሚስቱ ኤውኒሴ አምስት ልጆችዋን እያሳደገች፣ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆና፣ የባልዋን የሞት የምስክር ወረቀት በ1996 እስክትቀበል ድረስ ያሳለፈችውን ኑሮ ይተርካል። ፊልሙ በ2025 ለብራዚል የመጀመሪያውን የዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር ሲያስገኝ፣ በአገር ውስጥ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተመልካች በሲኒማ ቤት ተሰብስቦ አይቶታል፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይም የሩቤንስ ፓይቫ የሞት ምስክር ወረቀት ታርሞ ሞቱ በመንግሥት እጅ የተፈጸመ ግፍ እንደሆነ ተጻፈበት። የወረቀቱን መታረም ፊልም ብቻውን አላመጣውም፤ የቤተሰቦችና የሕግ ሰዎች የብዙ ዓመት ልፋት አለበት፤ ይሁን እንጂ ሚሊዮኖች የአንዲትን እናት ዝምታ አብረው እያዩ በተቀመጡበት ወቅት መውጣቱ ወረቀቱን የሕዝብ ወረቀት አድርጎታል።

«ብድር በምድር» የሚለው የአማርኛ ተረት መልካምም ክፉም ሥራ በዚሁ ዓለም ዋጋውን እንደሚያገኝ ይናገራል። የብራዚል ሲኒማ ታሪክ በዚህ መለኪያ ሲታይ የተሟላ ድል ወይም የተሟላ ውድቀት አይታይበትም፤ ኦቾሎኒ ሻጮቹ ልጆች፣ ፋቢያኖና ፒሾቴ ያበደሩት ሁሉ አልተከፈለም፤ በጁላይ 2021 በሳን ፓውሎ የብራዚል ሲኒማ ቤተ መዛግብት መጋዘን ሲቃጠል ደግሞ ከብድሩ ማስረጃ የተወሰነው በእሳት ጠፍቷል። ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ የቀረጸው ሰው ወደተቀረጸው የሚመለስበት ጽኑ ልማድ አለ። ኤድዋርዶ ኮቲኞ በ2014 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ጋሊሌያ ሰዎችና ወደ ኤሊዛቤት ቴሼይራ ቤተሰብ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዷል። ፊልሙ ካለቀ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ሽልማቱም፣ ዝናውም፣ በታሪክ መጽሐፍ የሚሰጠው ቦታም ቀድሞ ተገኝቷል። እርሱ ግን በየቦታው የተበተኑትን ልጆች አንድ በአንድ እየፈለገ እናታቸውን መቼ እንዳዩአት፣ አሁን እንዴት እንዳሉ ጠየቃቸው።